ታቦርን ያስመረመርኩ ዕለት

ሥራዬ ደም መመርመር ነው። መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ በላቦራቶሪ ባለሙያነት ስሠራ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ክንድ አስሬ፣ ደም ቀድቼ፣ ውጤቱን ወረቀት ላይ አስፍሬ ለሐኪሙ አቀብላለሁ። ለበሽተኛው የሚናገረው ሐኪሙ ነው። እኔ የሰውየውን ፊት አላይም፤ ቀጣዩን ቁጥር ነው የምጠራው። ወረቀት ላይ የጻፍኩት አንድ ቃል ሰው ቤት ገብቶ ምን እንደሚሠራ የገባኝ በአንድ የድመት ግልገል ምክንያት ነው።

«ለድመት ነው ይህ ሁሉ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አልቀየማችሁም፤ እኔም ድሮ እንደዚያ እል ነበር።

ያኔ አርባ ዓመቴ ነው። አላገባሁም። አዲስ ከተማ በሚባለው ሠፈር ውስጥ እናትና አባቴ በሠሩት ቤት ከአባቴ ጋር እኖራለሁ። እናቴ ካረፈች ዓመት ከሁለት ወር ሆኗት ነበር። አባቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። በሠፈሩ በጨዋታ አዋቂነቱ የታወቀ፣ ባጃጅ ውስጥ እንኳን ከማያውቀው ሰው ጋር ወግ የሚጀምር ሰው ነበር። ከቀብሩ በኋላ ግን አንደበቱ ተዘጋ። «በላህ አባዬ?» ስለው ራሱን ይነቀንቃል። «ብርድ ልብስ ልጨምርልህ?» ራሱን ይነቀንቃል። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ድንቡሼን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል።

ድንቡሼ የእናቴ ድመት ናት። እናቴ ከእጇ አብልታ ያሳደገቻት፣ በታመመችባቸው ወራትም ከአልጋዋ ግርጌ ያልተለየች አሮጊት ድመት። እናቴ ልትሞት ሰሞን እጄን ይዛ፣ «አባትሽ እንኳን ጎረቤት አለው፤ ድንቡሼ ማንም የላትም። አደራሽን» ብላኛለች። አደራ ከባድ ነገር ነው። የሟች ሲሆን ደግሞ የሚመልሱለት ባለቤት የለውም።

የእናቴን ክፍል ዘግቼዋለሁ። አልጋዋን፣ መነጽሯን፣ ጠዋት ጠዋት የምትደርበውን ሹራብ እንዳሉ ትቼ ቆልፌ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አባቴ ሳሎን መተኛት ጀመረ። ለምን እንደቆለፍኩት አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

አንድ ቅዳሜ ለአባቴ ዓሣ ልገዛ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ሁልጊዜ የምገዛው ከአማረች ነው። አማረች በእኔ ዕድሜ ያለች፣ እጇ እንደ መኪና የሚፈጥን፣ ዓሣ እያጸዳች የምትሸጥ የሲዳማ ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን እጇ ቆሟል። ከጀርባዋ በተገለበጠው ጀልባ ሥር ጎንበስ ብላ ታያለች፤ ሁለት አባ ኮዳዎች ደግሞ ያንን ረጅም መንቆራቸውን አንጠልጥለው አጠገቧ ቆመዋል።

«እናትየዋን ትናንት ባጃጅ ገጨ» አለችኝ። «ልጆቹ ከትናንት ጀምሮ ይጮሃሉ። እነዚህ ወፎች ዛሬ ይጨርሷቸዋል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለት ግልገሎች እርስ በርስ ተጣብቀዋል። አንዷ ዥጉርጉር፣ ሌላው ግራጫ።

«እኔ ሴቷን እወስዳለሁ። ወንዱን አንቺ ውሰጂው፣ እህቴ። ሁለቱን አልችልም።»

«አማረች፣ ቤት ድመት አለኝ።»

«አንድ ካለሽማ ሁለት ምን ችግር አለው?»

ግራጫውን በዘይት ካርቶን ይዤው ገባሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ነበር። ካርቶኑን እግሩ ሥር አስቀምጬ ልብሴን ልቀይር ገባሁ። ከውስጥ ሆኜ ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤት የመጣ መስሎኝ ብቅ ስል አባቴ ነው። ግልገሉን በመዳፉ ይዞ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ።

«ስሙ ማን ነው?» አለኝ።

ዓመት ሙሉ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም።

«ስም የለውም አባዬ። አንተ አውጣለት።»

አሰበ። «ታቦር ይባል። የከተማችን ታቦር ትንሽ ተራራ ነው፤ ነገር ግን ከአናቱ ላይ የወጣ ሰው ሐይቁን በሙሉ ያያል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ወሬ ገባ። አባቴ ለግልገሉ የዓሣ አጥንት እየለቀመ፣ ስለ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር ያስተምረዋል። «እንግዲህ ታቦር፣ መሬት ተሰነጠቀች…» ሲለው ማድ ቤት ሆኜ እየሰማሁ ብቻዬን እስቃለሁ። ድንቡሼ ብቻ አልወደደችውም። በሩቁ እያየች ታጉረመርማለች፤ ሲቀርባት በጥፊ ትለዋለች።

በሁለተኛው ሳምንት የታቦር ዓይን እንባ አበዛ። የከተማችን የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ምንተስኖት ጋ ወሰድኩት። ወጣት ነው፤ ረጋ ያለ። ለዓይኑ ጠብታ ሰጠኝና፣ «ቤት ሌላ ድመት አለሽ አይደል?» አለኝ።

«የእናቴ አለች።»

«እንግዲያው ብንመረምረው ጥሩ ነው። ድመቶችን የሚይዙ ሁለት ቫይረሶች አሉ። አንደኛው እንደ ደም ካንሰር የሚያደርጋቸው ነው። ሁለተኛው እንደ ኤች አይ ቪ መከላከያቸውን ያደክማል። ሰውን አይነኩም። መመርመሪያው እዚህ አገር እንደ ልብ አይገኝም፤ አንድ ጓደኛዬ ከውጭ ሲመጣ ጥቂት ይዞልኛል። እህቱን የወሰደች ሴት አለች ካልሽኝ፣ እሷንም ጥሪያት።»

ሐሙስ ጠዋት አማረችና እኔ ግልገሎቻችንን ይዘን ተገናኘን። አማረች የእሷን ሚሚ ብላታለች፤ በሹራቧ ደረት ውስጥ ከትታት ነው የመጣችው። ዶክተሩ ከእያንዳንዳቸው ጠብታ ደም ወስዶ በሁለት ነጭ ፕላስቲኮች ላይ አንጠባጠበ። እኔ በየቀኑ የምሠራው ሥራ ነው። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። የሰው መመርመሪያ ፊት አሥር ደቂቃ ጠብቄ የማውቀው ሌላ ሥራ እየሠራሁ ነው። ያን ቀን ግን ዓይኔን አልነቀልኩም።

የመጀመሪያው መስመር መጣ፤ እሱ ሁሌም ይመጣል፣ መመርመሪያው መሥራቱን ነው የሚናገረው። ቀጥሎ ሁለተኛው ቀስ እያለ ቀላ። በታቦርም፣ በሚሚም። የደም ካንሰሩ ሳይሆን ሌላኛው።

«ምንድን ነው ዶክተር?» አለች አማረች የኔን ፊት አይታ።

«ፖዘቲቭ ነው» አላት። «ግን ስሙኝ። ገና ሦስት ወር ቢሆናቸው ነው። ይህ መመርመሪያ ቫይረሱን ራሱን አያይም፤ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው የሚያየው። እሱን ደግሞ ከእናታቸው ወተት አግኝተውት ሊሆን ይችላል። እናትየዋ ታማ ነበር፤ እነሱ ግን ላይታመሙ ይችላሉ። ስድስት ወር ሲያልፋቸው እንደገና እንመርምር። እስከዚያ ከሌላ ድመት ለይታችሁ አቆዩአቸው።»

አማረች ሚሚን መልሳ ደረቷ ውስጥ ከተተቻት። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንተ ቆይ ካልከኝ እቆያለሁ» አለችና ዓሣዋ እንዳይበላሽባት ሮጣ ሄደች።

እኔ ግን ፊደል ቆጥሬያለሁ። የሚጎዳኝም ይኸው ነው። ዶክተሩ የነገረኝን አንዱንም አዲስ ሆኖ አልሰማሁትም። በሥራዬ ላይ የሰው ደም በአንድ ምርመራ ፖዘቲቭ ሲሆን ትንፍሽ አንልም፤ በሁለተኛ፣ በሦስተኛ መመርመሪያ እናረጋግጣለን። ቫይረሱ በደሟ ካለ እናት የተወለደ ሕፃን ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው በእንዲህ ያለ መመርመሪያ እንደማይፈረድበትም አውቃለሁ። ለተለማማጅ ተማሪዎች በአፌ ያስተማርኩት ነው። ያን ቀን ሁሉንም ረሳሁት ብል ውሸት ነው። አልረሳሁትም። ግን በዓይኔ የሚታየኝ የድንቡሼ አንገትና የታቦር ጥርስ ብቻ ነበር።

ዓርብን ከሥራ ቀርቼ ሁለቱን ስጠብቅ ዋልኩ። ታቦር ያሮጊቷን ጅራት ያሳድዳል፤ ጀርባዋ ላይ ዘሎ በጨዋታ አንገቷን ይነክሳል። በንክሻ ነው የሚተላለፈው። በነከሳት ቁጥር እየጮህኩ እለያያቸዋለሁ።

ለአባቴ እውነቱን ሙሉ አልነገርኩትም። «ጉንፋን አለበት። ድንቡሼን እንዳያሲዛት ለሦስት ወር ብቻውን መሆን አለበት። የት እናድርገው?» አልኩት ምሳ ላይ።

እንጀራውን እየቆረሰ፣ «የእናትሽን ክፍል ክፈቺዋ። ፀሐይ የሚገባበት እሱ ነው» አለ።

«የእማዬን ክፍል?»

«ባዶ አይደል?»

«ባዶ አይደለም!» ጮህኩ። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። «የእማዬን ክፍል የድመት ሽንት ቤት ላደርገው ነው?»

እጁን ከትሪው አነሳ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ወደ ዕድር ስብሰባ ሄደ። ሲወጣ የታቦርን ግንባር በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። በሩ እንደተዘጋ ግልገሉን በእናቴ ነጠላ ጠቅልዬ ባጃጅ ያዝኩ። መንገዱን ሁሉ ነጠላው ውስጥ ሆኖ ደስ ሲለው ደረቱ ውስጥ የሚያሰማትን ድምፅ ያሰማል። በእጄ ይሰማኛል። ሽርሽር የምወስደው መስሎታል።

ዶክተር ምንተስኖት የመጣሁበትን ስነግረው ጓንቱን አወለቀ።

«ሰብለ፣ ይህ ልጅ እኮ ጤነኛ ይመስላል። ዓይኑም ድኗል።»

«ውጤቱን አብረን አየነው።»

«ውጤቱ ምን ማለት እንደሆነም አብረን ተነጋገርን። ሦስት ወር ነው የጠየቅኩሽ።»

«የምለይበት ቦታ የለኝም።»

«ባዶ ክፍል? ጎረቤት? እኔ ጋ እንኳን ቦታ ቢኖር…» ዙሪያውን አየ። ቦታ አልነበረውም፤ በየጥጉ የታሰረ እንስሳ ነው።

«ዶክተር፣ የሟች እናቴ አደራ አለብኝ። ድንቡሼ ብትታመም ለአባቴ ምን እለዋለሁ? ለእናቴስ?»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

አልነበርኩም። ግን በሙያዬ እርግጠኛ መስሎ መናገር ለምጃለሁ።

መርፌውን አዘጋጀና፣ «አብረሽው ትሆኛለሽ ወይስ ትወጫለሽ?» አለኝ።

ታቦር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የነጠላውን ጥለት በእግሩ ይመታል። ቀና ብሎ አየኝ።

ወጣሁ።

ከበሩ ውጭ አንድ ሰውዬ ባጃጁን ያጥባል። ውሃው አረፋ ይዞ ወደ ቦዩ ሲወርድ አያለሁ። ከውስጥ አንዲት ድምፅ እንኳን አልተሰማም። ዶክተሩ ነጠላውን አጣጥፎ ይዞልኝ ወጣ። «አልተሰቃየም» አለኝ። «እኔ እቀብረዋለሁ፣ ሂጂ።» ነጠላው ገና ሙቀት ነበረው።

አባቴ ከስብሰባው ሲመለስ መጀመሪያ የጠራው ታቦርን ነው።

«ጠፋ» አልኩት። «በር ክፍት ትቼ ሳልጠነቀቅ ወጥቶ ጠፋ።»

አላዘነም፤ አላኮረፈም። ይህ ነው የገደለኝ። ጫማውን መልሶ አሰረና፣ «ሩቅ አይሄድም፣ ትንሽ ነው» ብሎ ወጣ። የዓሣ ጭንቅላት በፌስታል ይዞ፣ ከዘራውን ተደግፎ፣ በየአጥሩ ሥር «ታቦር! ታቦር!» እያለ ሲጣራ ከቤት ሆኜ እሰማለሁ። እሑድም ወጣ። ሰኞም። የሠፈሩ ሰዎች «ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?» እያሉ አብረውት ይፈልጉ ነበር። ዓመት ሙሉ ሰው ሰላም ያላለ ሰው፣ በየደጁ እያንኳኳ ስለ አንድ ግራጫ ግልገል ይጠይቃል። እኔም አብሬው እየዞርኩ እንደሌለ የማውቀውን ነገር በባትሪ መብራት ሳይቀር ፈልጌያለሁ። በአምስተኛው ቀን ቦይ ውስጥ ወድቆ ጉልበቱን ተጎዳ። እቤት ተሸክመው አመጡት። ቁስሉን ሳጥብለት፣ «አውሬ በልቶት ይሆናል» አለ። ከዚያ አንደበቱ እንደገና ተዘጋ።

እውነቱን የምነግርበት ዕድል በየቀኑ ነበረኝ። በየቀኑ አሳለፍኩት።

ከአራት ወር በኋላ አማረች ደወለች፤ የታቦርን መጨረሻ ከዶክተሩ ሰምታ ነበር። «ነገ ሚሚን እንደገና ሊመረምራት ነው። ፈርቻለሁ፣ እህቴ። አንቺ ታውቂበታለሽ፣ አብረሽኝ ሁኚ።»

ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምናልባት ፖዘቲቭ ሆኖ ላየው ፈልጌ ይሆናል። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ከዋሸሁ መጻፉም ጥቅም የለው።

ሚሚ አድጋለች። ፀጉሯ ያበራል። አማረች በአንዲት ክፍል ቤቷ፣ በር ዘግታ፣ ውጭ ሳታስወጣ አሳድጋታለች። ዶክተሩ ደሙን አንጠባጠበ። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። አንድ መስመር መጣ። ሁለተኛውን ጠበቅሁ። ፕላስቲኩን አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረብኩት፤ አዙሬ አየሁት። አንድ መስመር ብቻ ነው።

«ነጻ ናት» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ። እኔን አላየኝም።

አማረች እልል ልትል አፏን ከፈተችና ወደኔ ስትዞር መልሳ ገጠመችው። እጇ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ በዚያው እጇ ትከሻዬን ያዘች። «እህቴ፣ ያንቺው እኮ ታሞ ሊሆን ይችላል። ወንድምና እህት አንድ አይደለም። አይደል ዶክተር?»

«ልክ ናት» አለ። «የእሱን ማወቅ አንችልም።»

አዎ፣ ማወቅ አንችልም። ታሞ ነበር ብባል አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ጤነኛ ነበር ብባልም ጥፋቴን ተሸክሜ እኖር ነበር። አሁን ግን በእጄ ያለው የማይታወቅ ነገር ነው።

በቀጥታ ወደ ቤት ገባሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ነበር። ወንበር ስቤ አልተቀመጥኩም፤ እግሩ ሥር ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ታቦር አልጠፋም።»

ሁሉንም ነገርኩት። ምርመራውን፣ ዶክተሩ ቆዪ ማለቱን፣ መርፌውን፣ የዛሬውን አንድ መስመር። አብሬው እየዞርኩ የፈለግሁባቸውን ቀናትም። ስጨርስ ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲጮህብኝ ፈልጌም ነበር። ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ሲሞት አጠገቡ ነበርሽ?»

«አልነበርኩም። ወጥቼ ነበር።»

ከዚያ የተናገረውን እንደ ተናገረው ልጻፈው።

«እናትሽ ስትሞት እኔም አልነበርኩም። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። ትንፋሿ ሲለወጥ ገባኝ። ገብቶኝ ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ወጣሁ። ማድ ቤት ቆሜ ብርጭቆውን ደጋግሜ አጠብኩት። ስመለስ ድንቡሼ ብቻ ነበረች አጠገቧ። ለሰው ሁሉ እጄ ላይ አረፈች አልኩ። ላንቺም።»

ጉልበቱ ላይ ግንባሬን ጣልኩ። ሁለታችንም ለየብቻችን ያለቀስነውን ያን ጊዜ አብረን አለቀስነው። አላጽናናኝም፤ እኔም አላጽናናሁትም። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፤ አልጠየቅኩትም።

እናንተ ድመትም ሆነ ውሻ ከመንገድ አንስታችሁ የምታሳድጉ፣ አንዳንዶቻችሁ «ይመርመሩ ወይስ አይመርመሩ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ወሬዬ በከተማው ያሉ እንስሳ ወዳጆች ዘንድ ስለደረሰ ነው። መልሴ፣ አስመርምሩ ነው። ደም መመርመር ሕይወቴን ያሳለፍኩበት ሥራ ነው፤ ክፉ ነገር አይደለም። ግን ደሙ ከመቀዳቱ በፊት ተቀመጡና ተነጋገሩ። ውጤቱ የከፋ እንደሆነ ምን እናደርጋለን? የት እናኖረዋለን? እስከ ሁለተኛው ምርመራ የሚጠብቅ ሆድ አለን? ለእነዚህ መልስ ከሌላችሁ መስመሩ ይፈርድላችኋል፤ መስመር ደግሞ አያዝንም። ያኔ ማንም ቢጠይቀኝ ለድንቡሼ ብዬ ነው እል ነበር። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ፣ አንድ በር ላለመክፈት ብዬ ነው።

በሩን ከፈትኩት፤ ዘግይቼ። አሁን አባቴ እዚያ ነው የሚተኛው። አማረች በየሳምንቱ ዓሣ ይዛ ትመጣለች። አባቴን «ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ትለዋለች፤ እሱም በረጅሙ ይመልስላታል። ሚሚን ግን አንድም ቀን ይዛብን መጥታ አታውቅም። አላዘዝናትም፤ እሷ ናት ያወቀችው።

ክሊኒክ ውስጥ አሁን ውጤት ይዤ ስሄድ በበሩ ክፍተት በሽተኛውን አየዋለሁ። ስሙን አነባለሁ። አንዳንዴ ሐኪሙን፣ «ብቻውን ነው የመጣው?» እላለሁ። ብቻውን ከሆነ፣ ወረፋው ቢረዝምም፣ ሲነገረው አጠገቡ ለመቆም እገባለሁ። ምንም አልናገርም። ብቻ አልወጣም።